ልጄ ያስነሳው ማዕበል

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ማንም እንዲናገርልኝ አልፈልግም፣ እኔው ራሴ እናገረዋለሁ። ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰማይ ሲጠቁርና ሲጠራ መለየት አይችልም ያለ ማነው? ልጄ ወንድሜነህ ብሏል። ጌሾና ብቅል ሸጬ ያስተማርኩት ልጅ፣ እዚህ ሰመር የሚሉትን ወራት በሙሉ ፊቴ ተቀምጦ የሌለ ማዕበል ከስልኩ ላይ ሲያነብልኝ ከረመ። እኔም አምኜ ቁጭ እንድል ነበር የተፈለገው። እንደ ሕፃን። ሕፃን እንኳ በመስኮት ያያል።

እኔና ስመኝ ባሕር ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበር። ስመኝ አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ፣ ከጎኔ ቅቤ ትሸጥ የነበረች፣ ስንቱን ክረምት በአንድ ሸራ ሥር ተጠልለን ያሳለፍን ሰው ናት። እህቴ ብላት ያንስባታል፤ እህቶቼን የማያቸው ሠርግ ላይ ነው። አሜሪካም ልጆቻችን አመጡን። እሷን አሌክሳንድሪያ በኩል፣ ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ፎቆች ባንዱ፣ ከልጇ ከገብረየስ ጋር፤ እኔን ሲልቨር ስፕሪንግ። በመሃላችን ያ ቤልትዌይ የሚሉት መኪና የማይነጥፍበት መንገድ አለ። ስመኝ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሆንላትም፤ «እንዴት አደርሽ» ስላት «ገና አልበላሁም» ትለኛለች። ስለዚህ የምንገናኘው መኪና ያለው ልጅ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሾላ ሳለን ማንን አስፈቅደን ነበር?

ሰኔ ላይ አንድ ክርስትና ተገናኘን። ስመኝ እንደ ልማዷ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ትጮሃለች።

«አረጋሽ! ባሕር ሳላይ አልሞትም!»

«ማን ሙቺ አለሽ? ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

ጉልበቷን አሸዋ ውስጥ ልትቀብረው ነው። ሰዎች እንደዚያ ሲያደርጉ በቴሌቪዥን አይታለች። ውሃው ደግሞ ጨው ነው አለችኝ፣ ጨው እንደበዛበት ወጥ።

«ያን ሁሉ ውሃ ማን ጨው ነሰነሰበት? እስክቀምሰው አላምንም» አልኳት።

«አንቺ! ቅቤዬንም ሳትቀምሺ አታምኚኝም ነበር!»

ከቦርሳዋ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጫማ አወጣች። ውሃ ውስጥ የሚገባበት፣ ሁለቱም ሮዝ፣ የኮረዳ ጫማ። አንዱን ጥንድ እኔ ጭን ላይ ጣለችው። ልጆቻችን ከላያችን ቆመው ሳቁ፤ ሳቁና ቃል ገቡ። ሐምሌ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ በወንድሜነህ መኪና ኦሽን ሲቲ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሊወስዱን።

ቅዳሜው ደረሰ። ዳቦ ቆራርጬ፣ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜነህ ስልኩን ይዞ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሥራ ያደከመው መሰለኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ አይሆንም። ዌዘሩ ተበላሽቷል።»

«ፀሐይ ወጥታለች እኮ።»

«እዚህ ነው እንጂ ባሕሩ ጋ አይደለም። ባሕሩ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ማዕበሉ ከፍ ብሏል። ሪፕ ከረንት የሚባል አለ፣ ሰውን ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ነው። ቀይ ባንዲራ ሰቅለዋል።»

«እነማን ናቸው የሰቀሉት?»

«ጠባቂዎቹ… እዚያ ያሉት። እዚህ ተጽፏል፣ እይው።»

እይው ይለኛል! ምኑን ልየው? ስልኩን ወደ ፊቴ ያስጠጋው እንደማላነብ ስለሚያውቅ ነው። ምራቴ ሰሊና ከወጥ ቤት ሆና «ለእርስዎ ብለን ነው እኮ እማዬ፣ በዚያ ልብዎ» አለች። በሚያዝያ ልቤ ላይ ትንሽ ሽቦ አስገብተውልኛል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት በር እንኳ የሚዘጋው በቀስታ ነው። ልቤ የእኔ መሆኑ ቀርቶ የሁላቸው ሆኗል፤ ሲፈልጉ ያወጡታል፣ ሲፈልጉ ያስቀምጡታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነፋስ ነው አለኝ፣ ከሰሜን የሚመጣ። ከዚያ መብረቅ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ሰው የሚለበልብ እንስሳ ገባ።

«ይሄ ባሕር በሥራ ቀን ሰላም ነው፤ ቅዳሜ ሲሆን ብቻ ነው የሚናደደው?» አልኩት።

ሳቀ። የሸቀጡ ጉድለት ያልታየበት ነጋዴ እንደሚስቀው ሳቅ። እኔ ገበያ ኖሬያለሁ፣ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።

«ስመኝስ ሰማች? እሷም ጫማዋን ይዛ ተቀምጣ እንዳትውል።»

«ነግረናቸዋል። እሳቸውም ይቆይ ብለዋል።»

ስመኝ ይቆይ አለች! ሾላ ላይ «ዞሬ ልምጣ» ያላትን ገዢ ተከትላ ልብሱን የምትይዝ ሴት! ያን ጊዜ ጆሮዬ ቆመ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የአረጋውያን መዋያ እውላለሁ። ቫን መጥቶ ይለቅመናል፣ ደም ግፊታችንን ይለኩናል፣ ቢንጎ ያጫውቱናል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ዓርብ ዓርብ አንዲት ልጅ ቆማ የባሕሩን ወሬ ታወራለች። ንግግሯ አይገባኝም፤ ከጀርባዋ ያለውን ግን አያለሁ። ባሕሩ ዝም ብሎ ተኝቷል። ሰው ጥላ ዘርግቶ እንደ ጉንዳን ፈስሷል። ሕፃናት ውሃው ዳር ይንከባለላሉ። ባንዲራው አረንጓዴ ነው።

እዚያ የምትሠራውን ያገራችንን ልጅ ሜሪን ጠራኋት። «ይሄ የት ነው የኔ ልጅ?»

«ኦሽን ሲቲ ነው እማማ።»

«ነገ እንዴት ነው ይላሉ?»

«በጣም ቆንጆ! ውሃው ሞቋል፣ ማዕበሉም ትንሽ ነው። ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«ልጄን ጠይቂው» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ስልኩን ከፈተና ቀይ ባንዲራውን ሰቀለ።

ፌስታሌን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያልተሟገትኩት ስለገባኝ አልነበረም፣ ስላቃጠለኝ ነው። በእኔ ማፈሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት አሮጊቶች፣ ሮዝ ጫማ አጥልቀው፣ በነጠላ ተጠቅልለው፣ በዚያ ሁሉ ራቁቱን በተጋደመ ፈረንጅ መሃል ሲንገዳገዱ፣ አንዷም እየጮኸች፣ ማን ጓደኛዬ ያየኝ ይሆን ብሎ ነው አልኩ። ፍልሰታን ይህን ይዤ ጾምኩ። «ከጾሙ በኋላ እንሄዳለን» ሲለኝ እህ እላለሁ። አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ ስለው መንገዱ ይሠራል ይለኛል። ጭራሽ መንገድ አስቆፈረ!

ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ዓርብ ቀን፣ አቶ ዓብዩ ወደ መዋያው ተመለሱ። የስመኝ ባል የአጎት ልጅ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ዘንድ ከርመው መምጣታቸው ነው። ዱላቸውን እያንኳኩ ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ አረጋሽ።»

ኮፍያቸውን ባያወልቁ ኖሮ ስለ ልቤ የሚናገሩ በመሰለኝ።

«በማን ነው የሚያጠናኝ?»

«እኔ እኮ… ተረድተዋል ብዬ… አልነገሩዎትም እንዴ?»

«አሁን ተረዳሁ። ቁጭ ይበሉና ይጨርሱልኝ። ግማሽ ወሬ ጥሎ የሚሄድ ሰው አልወድም።»

ቁጭ አሉና ጨረሱት። ስመኝ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል የገባችው እኔ ዳቦ ቆርጬ በተቀመጥኩበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ዋዜማ ነበር። ወዲያው አልሞተችም። ብዙ ቀን ተኝታለች። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው ያረፈችው። የቀበሯትም እዚያው ነው። ለእኔ የሚነገረው ጾሙ ሲፈታ ይሁን ተብሎ በሽማግሌ ተመክሮበታል፤ ጾም ላይ ሆና ካለቀሰች ትወድቃለች ተብሎ።

«ትጠራዎት ነበር» አሉኝ አቶ ዓብዩ መሬት መሬት እያዩ። «‹አረጋሽ መንገድ ላይ ናት?› ትላለች። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ገብረየስ ለወንድሜነህ ደውሎለት ነበር። ወንድሜነህም የእርስዎ ሐኪም ማስደንገጥ ከልክሏል አለው መሰለኝ።»

አላለቀስኩም። እዚያ ቦታ ካለቀሱ አምቡላንስ ነው የሚጠሩት። ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ያቺ ልጅ ቆማ ታወራለች። በዚያን ቀን ግን ከጀርባዋ ባሕሩ አመድ መስሎ እየተነሳ ይፈርጣል፤ ከራሷ በላይ ባለው ሥዕል ነጭ ነገር እንደ እንዝርት ይሾራል። ባንዲራው ቀይ ነው። ሜሪን አልጠራኋትም። የዚያን ቀኑ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ማታ እራት ላይ ወንድሜነህን ጠየቅሁት።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ጾሙም ተፈቷል። ባሕሩ ምን ይላል?»

ሰሊና የወጡን ጭልፋ ይዛ ቆመች። እሱ ስልኩን አነሳ፤ ዛሬ ደግሞ የእውነት ነካካው።

«ነገ ከባድ ነው እማዬ።»

«ማዕበሉ ምን ያህላል?»

«የሰው ቁመት ያህላል።»

«የእኔን ቁመት ወይስ የአንተን?»

«የ… የእኔን።»

«ነፋሱስ?»

«ከምሥራቅ ነው።»

«ባለፈው ከሰሜን ነበር ያልከኝ። ዞረ?»

«ዞረ እማዬ።»

«ስመኝስ? እሷ ምን አለች?»

ሰሊና ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። ልጄ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «ሲስተካከል ይመጣሉ» አለ። «አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

ስለ ባሕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረኝ፣ በዚያው አፉ ደግሞ የተቀበረች ሴት አስነስቶ ቀጠሮ አስያዘልኝ። ምግቤን ጨረስኩ። እጄን ታጥቤ ገባሁ።

ሳይነጋ ተነሳሁ። ተጣጠብኩ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከናነብኩ። ከአልጋዬ ሥር ፌስታሉን አወጣሁና ሮዝ ጫማዬን አጠለቅሁ። ከዚያ ሳሎን ገብቼ በሩን ፊት ለፊት እያየሁ ተቀመጥኩ። ጾሙ ተፈቷል፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ መርዶ ነጋሪ መቼ እንደሚመጣ ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም፤ እኔም ስንቱን ቤት በንጋት አንኳኩቼ አርድቻለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሹክሹክታ ተሰማ። ወንድሜነህ በባዶ እግሩ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ ሊከፍትላቸው ወጣ፤ ቀና ሲል እኔ አለሁ። እንደ ሌባ ደረቀ።

«ክፈትላቸው እንጂ፣ ቆመዋል።»

ገቡ። ገብረየስ አለ፣ ጢሙን ለቆ ከስቷል። አቶ ዓብዩ ዱላቸውን ታቅፈው ከኋላ ተደብቀዋል። ከፊት ያቆሟት ኪዳንን ነው፣ የማኅበራችንን ሴት፣ መርዶ ላይ አንደበቷ ይመሰገናል። አንገቷን ሰብራ ጀመረችው።

«እትዬ አረጋሽ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የወደደውን…»

«ተቀመጡ» አልኳት። «ዛሬ የማረዳችሁ እኔ ነኝ። ስመኝ ሞታለች። አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ተኝታ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች፣ ስሜን እየጠራች ሞተች። እግዜር ያጥናችሁ።»

ያን ጊዜ ቤቱ ፈረሰ። ኪዳን ያዘጋጀችው ቃል ጠፍቷት ጮኸች። ሰሊና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ገብረየስ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ወድቆም ጫማዬን አየና ባሰበት።

«ጫማዋን አምጡልኝ ብላ ነበር እትዬ አረጋሽ» አለኝ ትንፋሹ እየተቆረጠ። «እግሯ አብጦ አልገባ አለ። መስኮቱ ላይ አድርጉልኝ አለች። እዚያ እንደተቀመጠ ነው ያረፈችው…»

እኔም አለቀስኩ። ያንን አልተርክም፣ የራሴ ነው።

ሲበርድልኝ ወንድሜነህን ጠራሁት። ፊቴ ቆመ።

«ፈርተን ነው እማዬ። ሐኪሙ በግልጽ ነው የነገረን። ብትሞቺብንስ?»

«ብሞትስ? እሷን አይቼ ነበር የምሞተው። ልቤን የጠየቀው አለ? እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«ወጉ ነው እኮ እትዬ አረጋሽ» አሉ አቶ ዓብዩ ከኋላ። «ሰው በድንገት እንዳይሰማ ብሎ መሸሸግ ያለ ነው።»

«ወጉን ለእኔ አያስተምሩኝ! ወጉ የሚሸሽገው ሞትን ነው። በሕይወት ተኝታ የምትጠራን ሰው መሸሸግ የማን ወግ ነው? የየትኛው አገር? እሷ ቀና እያለች በር በምታይበት ቀን ነው ይሄ ቀይ ባንዲራ የሰቀለብኝ። ስትሞት አይደለም፣ እያለች ነው! የእኔን ስንብት እናንተ ተሰናበታችሁት፣ የእኔን ለቅሶ እናንተ አለቀሳችሁት፣ እኔን ሶፋ ላይ ዳቦ አስይዛችሁ አስቀመጣችሁኝ። ማን አዘዛችሁ?»

አቶ ዓብዩ ኮፍያቸውን ያሽከረክራሉ።

«ስልክህን አውጣ» አልኩት ልጄን።

«እማዬ…»

«አውጣ። የዛሬውን ባሕር አንብብልኝ።»

አወጣ። «ባሕሩ ውስጥ ራቅ ብሎ ትልቅ አውሎ ነፋስ አለ ይላል። የባሕሩን ዳር አይመታም፣ ማዕበሉን ግን ይገፋዋል። ሪፕ ከረንቱ በጣም አደገኛ ነው። ቀይ ባንዲራ። ውሃ ውስጥ መግባት ክልክል ነው።» ቀና አለና «በእመቤቴ እማዬ፣ ዛሬስ እውነቴን ነው» አለኝ። አፉ ሲጣመም ሕፃን ሆኖ ታየኝ፤ ግን አልራራሁለትም።

«አውቃለሁ፣ ትናንት በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። በል ልበስ፣ እንሄዳለን።»

«ክልክል ነው እኮ አልኩሽ!»

«መግባት ነው የተከለከለው፣ ቆሞ ማየት አልተከለከለም።»

«ዛሬ እኮ ለቀስተኛ ይመጣል እማዬ» አለች ሰሊና እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ለሰው ሁሉ ተነግሯል። እርስዎ ከሌሉ ምን እንላለን?»

«አንቺ ሰበብ መስጠት ታውቂበታለሽ። ዌዘሩ ይዟት ነው በያቸው። ኪዳን ታስተናግዳለች። እኔ ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጠብቄያለሁ፣ ሰው እስከ ማታ ይጠብቀኝ።»

ገብረየስ ሳልጠይቀው ተነሳ። የእናቱ ጫማ መኪናው ውስጥ እንዳለ ነገረኝ፤ ቀን እስኪወጣለት ለእኔ ሊሰጠኝ ይዞት ሲዞር ከርሟል። አምጣው አልኩት። አመጣው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተረገጠም፣ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት አልተላጠም። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ወንድሜነህ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አሁንም ዓይኔን አያይም፣ የቁልፉን ጥርስ ነው የሚቆጥረው።

«ቀና በል» አልኩት። «ጠርሙስ ያዝልኝ፣ ያን ጨው ነው የተባለውን ውሃ ዳር ከሚተፋው ትቀዳልኛለህ፣ እቀምሰዋለሁ። መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ከዚህ በር ጀምረህ ትነግረኛለህ። ገብረየስ ሲደውልልህ ምን አለህ፣ አንተ ምን መለስክለት፣ እሷ ምን ብላ ጠራችኝ፣ ማን አጠባት፣ ማን ገነዛት፣ አፈር ስትለብስ እነማን ቆመው ነበር። ምንም አትዝለልብኝ፣ ምንም አታሳምርልኝ፣ ልብሽ ምናምን እንዳትለኝ። መንገዱ ላይ አለ የሚሉት ትልቁ ድልድይ ላይ ስንደርስ ካልጨረስክ ቀስ ብለህ ንዳ።»